ቀንድና ጆሮ

ቀትር ነው በትሮምሶ፥ ፀሐይ ግን አልወጣች፤
በዚህ አገር በጥር፥ ቃሏን ታጥፋለች።
ከዳኞቹ ፊት ላይ፥ ሁለት ውል ተዘርግቷል፤
አንደኛው ቢጫ ነው፥ ጠርዙን ብል በልቶታል፤
የነጩ ማኅተም ግን፥ ትናንት ያረፈ ይመስላል።
ያም በሁለት ነገሥታት፥ ይኸም በሁለት መንግሥታት፥
ተፈርሞ የጸና፥ የሌለበት ስሕተት።

ቢጫው እንዲህ ይላል፦ «ድንበር ብናሰምርም፥
አጋዘንና እረኛውን፥ መስመሩ አያግድም፤
በጸደይ ይሻገር፥ በመከር ይመለስ፥
የሳሚ ሰው ኑሮ፥ በኛ ቀለም አይፍረስ።»
ነጩ ይመልሳል፦ «ከዛሬ ጀምሮ፥
ለማዶ መንጋ ሁሉ፥ ሸለቆው ይኑር ታጥሮ።»

ሁለት እውነት አለ፤ ሸለቆው ግን አንድ።

ጠበቃ ሃልቮር ቆመ፥ ክራቫቱን ነካ፤
«እንዲህ ያለውን ጠብ፥ ሕግ ቀድሞ ለካ፤
ሁለት ቃል ከተጋጨ፥ ኋለኛው ይጸናል፤
ፊት የወጣን ጆሮ፥ የኋላ ቀንድ ይበልጠዋል።»
(ተረቱን እኔ ነኝ፥ ከቤቴ ያዋስሁት፤
እሱስ በላቲን ነው፥ ሲደግም የሰማሁት።)

ሲቭ ግን ከወዲያ፦ «ልዩ ቃል እያለ፥
ጠቅላላው አይገዛም፥ ኋላ ስለ ተባለ።»
«ታዲያ የቱ ነው ልዩው?» «የኛው!» «የለም፥ የኛው!»
ምሳ ሰዓት አለፈ፥ እነሱ ሲጎተቱ፤
ውል ከውል ተጠላልፎ፥ ውሉ ጠፋ ከልቃቂቱ።

አስተርጓሚው ልጅ፥ ከራውና አጠገብ ያንሾካሹካል፤
ለአጋዘን ቀለም ብቻ፥ ስንት ስም ያለው ቋንቋ፥
«ተደራራቢ ግዴታ» ላይ ሲደርስ፥ ቃል አጥቶ ያስላል።

በመጨረሻ እሷ፥ እጇን አነሣች፤
ጉልበቷን ታማለች፥ ተደግፋ ቆመች፤
ከቆዳ ከረጢቷ፥ አንድ ቀንድ አወጣች፥
ከጎኑ የደረቀ፥ ጆሮ አስቀመጠች።

«ይኸን ጥላው ነው የሄደችው።
በየዓመቱ ትጥላለች፥ በየዓመቱ ታበቅላለች፤
ለቢላ እጀታ ካልሆነ፥ ጎንበስ ብለንም አናነሣው።
ጆሮዋ ግን ይኸው።
ይኸ ቅድ የአያቴ ነው፥ ለአያቴም የአያቷ፤
በጭጋግ፥ በሌሊት፥ የኔ መሆኗን
የማውቀው በዚህ ነው።»

ለተረቴ አፈርሁለት።

ፍርዱ ለሚያዝያ፥ ሃያ ተቀጠረ፤
ቀንዱን መዝገብ ቤቱ፥ ቁጥር ለጥፎ አስቀረ፤
ጆሮውን ግን ራውና፥ በኪሷ ይዛ ወጣች።

ዳኞቹ ገና ሲያነቡ፥ በመጋቢት አንድ ሌሊት፥
በረዶው ለሰኮና፥ መጽናቱን ያወቀች
አንዲት እርጉዝ አጋዘን፥ ቀንዷ ገና ያልወደቀ፥
አፍንጫዋን ቀስ አድርጋ፥ ወደ ሸለቆው አዞረች።