ያጠፋኋት ነጥብ

ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ ፈጨሁኝ፣
መልሱን ከኋላ ገጽ ቀድሜ እያየሁኝ፤
ጥያቄው ሳይነሳ መልሱ ተጽፎ አድሮ፣
እኔ የማስተምር አምና ያልኩትን ዘንድሮ።

ጥቅምት ላይ ደብዳቤ ከመምሪያው ደረሰኝ፣
ታጥፎ የከረመ፣ አቧራው ያስነጠሰኝ፦
«ከአዘዞ ትምህርት ቤት አምስት ልጆች ምረጥ፤
አንዲት ኮከብ አለች የምትለዋወጥ፣
ስትደምቅ፣ ስትፈዝ።
ለምን እንደሆነ አልተደረሰበት፤
እኛም አናውቀውም፣ አብረን እንይበት።»
ፊርማ፦ ዶክተር ውዳላት።

እኛም አናውቀውም።
ይቺን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት ቆሜ፤
ከሊቅ አፍ ሰምቻት አላውቅም፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜ።

አጣናው ቀደመ፣ ደርበው ተከተለ፣
ካሳነሽ ከሙጬ፣ አንዱ ወንበር ላይ ሁለቱም ሊቀመጡ፤
ትርንጎ መጨረሻ፣
የአባቷን ባጃጅ ሂሳብ ማታ ማታ የምትይዝ፣
«የገባ ገብቷል፤ ቁጥር አይሰረዝ» የምትል፣ እንደ ሕግ፣ እንደ ውርዝ
(ይህን ቃል ከየት እንዳመጣችው አላውቅም)።

ኮከቧን በዓይናችን አላየናት ከቶ፤
ምስሏ ነው የሚደርሰን በመረብ ተጎትቶ፣
መብራት ካልጠፋብን፣ ኔትወርኩም ካልተኛ፣
ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ፣ አንዲት ኮምፒውተር ለእኛ።
ከጎኗ የቆሙ ጸጥተኛ ከዋክብት
እንደ ሚዛን ድንጋይ አገለገሉላት፤
ብርሃን በቁና፣ ብርሃን በጣሳ፣
ስንሰፍር ስንለካ፣ ስንጥል ስናነሳ፤
ሙጬ ትቆጥራለች፣ አጣናው ይጠራል፣
የካሬ ደብተሩ በነጥብ ይሞላል።

ማታ ማታ አባቷ ሊወስዳት ሲመጣ፣
«ለመሆኑ» ይላል፣ «ኮከቧ ስንት ታወጣ?»
«ገና ሂሳቧን እየያዝን ነው» ትላለች ትርንጎ፣
የፒያሳን ዳገት ባጃጁ ያቃስታል፣ መብራቱ አንድ ዓይና።

ታኅሣሥ አሥራ አራት።
ሁለቱ ነጥቦች እንደ ወትሮው፣ ደህና፤
ሦስተኛዋ ወደቀች ከመስመሩ ወጣችና።
«ደመና ነው» አልኩኝ፤ ላጲሴን አነሳሁ፣
እንደ ዝንብ ጠረግኳት፣ መስመሬን አቀናሁ።
ስንት ዘመን ሙሉ ያቀናሁት መስመር
በአንዲት ቀልማዳ ነጥብ እንዴት ይሰበር?

ትርንጎ ዝም አለች።
ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች፣ እርሳሱን ትታ፣
ወረቀቱ በሻከረበት፣ ላጲሱ በላጨው ቦታ
መልሳ ተከለቻት፣ በማትጠፋ ጠብታ።

«መምህር» አለችኝ፣
«አባቴ አንድ ማክሰኞ አርባ ብር ይዞ መጣ፤
ደብተሬን ያየ ሰው 'ልጅቷ ተሳስታለች' ይላል።
ጎማው ነበር ያን ቀን የፈነዳበት፤
አርባዋን ብሰርዛት፣ ጎማው በየት ይወጣ?»

መልስ አልነበረኝም፣ ከኋላ ገጽም አልነበረ።

ቅዳሜ ዶክተሯ ደወለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ።
የፋቅኩትን ነገርኳት፣ በልጆቹ ፊት፤
ጆሮዬ ጋለ፤ አምስቱም ጣራ ጣራ አዩልኝ፣ በጨዋነት።
ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ሃሎ አልን።
«አለሁ» አለች፤ «ያን ሌሊት ሌላ አገር ሆነው ያዩ አሉ፣
እጠይቃለሁ። ደመናም እንደሆን አልምልም፤
ብቻ አትፋቁ። ጻፏት፣ ከጎኗም 'እንጃ' በሉ።»

ከጠየቀቻቸው አንዱ አይቷታል፣ ሌላው አላያት፤
ሦስተኛው መሣሪያው ተበላሽቶበት ነበር።
ነገሩ እዚህ ላይ ቆሟል።

አንዳንድ ቀን ጠዋት፣ ክፍሉ ሳይሞላ፣ ከጎሃ በኩል ፀሐይ ስትወጣ፣
ያን ገጽ ከመስኮቱ አስጠግቼ እይዘዋለሁ፤
የፋቅኩበት ቦታ ሳስቶ፣ ብርሃን ሲያሳልፍ፣
መሐሉ ላይ ጥቁር፣ የትርንጎ ነጥብ፣
አንዳች ነገር ሲሻገር በአንዲት ፀሐይ ደጃፍ።

ምን እንደሆነ ግን
እንጃ።