ዋስ

«አባ ጀንበሩ» አለች ጸሐፊዋ ሪቭካ፣
«ከፖሊስ ወረቀት ጎድሎሃል ለካ።
እስከ እሑድ አምጣ፤ ደንብ ነው፣ አትቆጣ፤
ለወንዱ ሁሉ ነው፣ ከላይ ነው የመጣ።»

አልተቆጣሁም እኔ። መጥረጊያዬን ይዤ
የአፉላን የሱፍ ቅርፊት ስጠርግ ዋልኩ ፈዝዤ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቧንቧ ሳጠባብቅ፣
ኳስ ከጣራ ሳወርድ፣ የማታ በር ስጠብቅ፣
እናቱ የዘገየች ልጅ ይዤ ደጅ ስቆም፣
«ዋስህ ማነው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ደግሞስ የቱን ስሜን ለፖሊሱ ልንገር?
አየር ማረፊያ ላይ «ይጽሐቅ» ብሎ አንድ ጸሐፊ
ሰየመኝ ሳልናገር።
ልደቴን በግምት «ጃንዋሪ አንድ» ብለው፣
ልደቴን ያላወቁ ልቤን ሊያውቁልኝ ነው?

ወገራ እያለን ሰው ነው የሰው ዋሱ፤
«እኔን ያዙኝ» ካለ አበቃለት ክሱ።
ወረቀት ምን ያውቃል? «አልተያዘም» ብሎ ያልፋል፤
«አልሠራም» የሚለውን ማን ይጽፋል?
የልጄን ብስክሌት «የሰረቅኸው ነው» ያሉ፣
ለእኔ ንጽሕና ማኅተም ይመታሉ!

ሃያ ሦስት ቁልፍ ተንጠልጥሎ በወገቤ
«አልፈርምም» አልኩ፣ ቆረጠና ልቤ።

ማታ ይህን ሁሉ ለልጄ ለኦሪት ነገርኳት።
ሳህን ታጥብ ነበር። ውሃውን ዘጋች።
«አባ» አለች፣ «አንተንማ አውቃለሁ።
ነገ አንተ ጡረታ ስትወጣ
ቁልፍህን የሚወስደውን ሰው ግን
እኔ ከየት ልወቀው? ልጄ እዚያው ነው የምትማር።»

መልስ ነበረኝ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ወገራ ላይ አንድ ሰው ነበረ፣
ፊደል የሚያስቆጥር፣ ቃሉ ማር፣
ሰባት ሽማግሌ ዋስ የሚቆምለት።
እህቴ ይሻረግ አንድ ቀን
«ከእንግዲህ እሱ ቤት አልሄድም» አለች።
እንጨት ለቀማ ሰደዷት።
«ለምን?» ያላት ሰው አልነበረም።
እኔም አላልኳትም።

ኀሙስ ጧት ጣቢያው በር ወረፋ ይዣለሁ፤
ቁጥሬ አርባ ሰባት፤ አሁንም እላለሁ፦
ወረቀት ዋስ አይሆንም።
ሽማግሌም አልሆነም።

ከመስኮቱ ወዲያ
«ይጽሐቅ!» ብሎ አንዱ ተጣራ።
ማን ይሆን ብዬ ዞርኩ።