አራተኛው ካሜራ

አራት ካሜራ አሰርኩ፣ በሰኔ መጨረሻ፤
አንዱን ከአኩሪ አተሩ፣ ከማሳው መዳረሻ፣
አንዱን ከፖም ዛፉ ሥር፣ አንዱን ከኩሬው ዳር፣
አራተኛውን ግን
ከሃልቮር አጥር ጋር።

ተዘጋግተን ኖርን፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ለሁለት ክንድ መሬት፣ ጠበቆች ሲበሉ።
የእሱ ካርታ በአንድ፣ የእኔም በሌላ ቃል፣
ሽቦው ዝጎ ወድቋል፣ ኩርፊያው ግን ቆሟል።

አጋዘን ምን ገዶት! ራቱ ከእሱ ማሳ፣ መኝታው ከእኔ ዱር፣
ሽቦውን ሲሻገር መች ጠይቆ ድንበር።

የዊስኮንሲን በጋ አጭር ነው፤ ትንኙ ግን አያጥርም።
በየዐሥራ አምስት ቀኑ፣ በቀትር ሐሩር፣
በጎማ ቦት ጫማ፣ ጠረን እንዳይቀር፣
ከቁርጭምጭሚቴ ላይ መዥገር እየነቀልኩ፣
ጥፍር የሚያህል ካርድ ከየዛፉ ለቀምኩ።

ማታ በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ
ሺህ ሁለት መቶ ፎቶ።
ሺሁ ነፋስ ነው፣ ሣር ሲያጎነብስ፤
ቀሪው የራኩን ቂጥ፣ የተርኪ አንገት፣
አንዱ የእኔው አፍንጫ፣ ባትሪ ስቀይር።
አርዲስ እስክታለቅስ ሳቀች።

ከዚያ እሱ መጣ፤
ቀንዱ ከፈይ ለብሶ፣ ገና ደም እየጠጣ፣
በሰኔ ሁለት ጣት፣ በሐምሌ እጅ አወጣ።
በግራ በኩል ሁለት ሹል ጎን ለጎን፤
«መንሹ» አለችው አርዲስ፣ ስሙ ጸና።
ለኅዳር ቦታዬን መረጥኩ፣
የምወጣበትን ዛፍ፣ የነፋሱን አቅጣጫ።

አራተኛው ካሜራ። ነሐሴ ሊገባ ሦስት ቀን።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከዐሥራ አራት ደቂቃ።
መንሹን ስጠብቅ
ሃልቮር።

በሌሊት ልብሱ፤
አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ጤዛ።
በእጁ ባዶ ባልዲ።
አፉ ተከፍቷል። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም፤
ግን ያን አፍ አውቀዋለሁ፣ ከልጅነታችን፣
ከብቶቹን ሲጠራ ነው።
ላሞቹን ከሸጠ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል።

በማግስቱ፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ።
በሠልስቱም።
በአራተኛው ሌሊት መንሹ ከኋላው ቆሟል፣
ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤
ጆሮውን አቅንቶ። አልሸሸም።
ለምዶታል፣ ሽማግሌውን፣ እኔ ሳላውቅ።

አርዲስ አልሳቀችም።
ኮቴን ከመስቀያው አውርዳ
ወንበሩ ላይ አኖረችልኝ፣
ከሥሩ ወፍራም ካልሲ፣ አንድ ጥንድ።

ከአጥሩ ግንድ ሥር ተቀመጥኩ። ጠመንጃ የለኝ፣ ባትሪም አላበራሁ።
ትንኝ በላኝ።
ሽቦው ሲንኳኳ ተነሣሁና
የዐሥራ አንድ ዓመቱን የመጀመሪያ ቃል
ብዙ ቀን ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ፣
ጨለማው ውስጥ ሌላ ነገር ወጣኝ፦

«ላሞቹ ገብተዋል፣ ሃልቮር።»

ቆመ። አሰበ።
«ጥቁሯም?» አለኝ።

«ጥቁሯም።»