ስሕተት ወይስ ስህተት

መጽሐፉ በፖስታ መጣልኝ፣ ከብሩክስ፣ ከአልበርታ ሜዳ፤
ሽፋኑ ላይ የበሬ ጥላ፣ ከጥላው ሥር የደራሲዋ ስም።
ገና አንድ ገጽ ሳልገልጥ ቀይ እስክሪብቶዬ ዘለለ፦
"ሰናይት" ትላለች፣ በእሳቱ ሰ።
ሠናይት እኮ በንጉሡ ነው፣ ግእዙ ይመስክር!
ሴትዮዋ ከራሷ ስም ጀምራ ሳተች፣
ብዬ መዘገብኩ፦ ቁጥር አንድ።

ከዚያማ ማን ያቁመኝ።
ፀሐይ በጸሎቱ ጸ ወጥታ በሀሌታው ሀ ጠለቀች፣
ዓመት ዐይኑን አጥቶ በአልፋው አ ተቆጠረ፣
"ነው" የነበረው "ነዉ" ሆነ፣
"ሄዷል" ያለችው ሰው ምዕራፉ ሳያልቅ "ሄዶአል"።
ካልጋሪ፣ ከሥራ መልስ ባቡር ውስጥ፣
ጓንቴን በጥርሴ እያወለቅሁ ቆጠርኩ፦
ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት።

አቶ ልሳነወርቅ፣ የንባብ ማኅበራችን ጸሐፊ፣
በጥንት ዘመኑ የአራሚዎች አለቃ፣
ስልኩ ውስጥ ጉሮሮውን ጠረገ፦
"በየሃያው አንድ ነጥብ ቀንስ።
ፊደል ያልጠበቀ ምን ይጠብቃል?"
"የሚያከራክረውንም ጭምር?"
"እኔን ያከራከረኝ የለም።"
(ሊቃውንቱ ዕድሜያቸውን ሲጣሉበት
እሱ ብቻውን ጨርሶት ኖሯል።)

የሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ማርጋሬት፣
"ቀለም" የሚለውን ቃላቸውን
በአንዲት ትርፍ አናባቢ ትጽፈዋለች፤
ከድንበር ወዲያ ያሉት ያቺን አናባቢ ጥለዋታል።
ኬላው ላይ መኪና ይፈተሻል፣ ሥጋ ይፈተሻል፣
አናባቢ ሲያዝ ግን አላየሁም።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ነዳሁ።
ብሩክስ፦ ስሟ ውስጥ "ብሩክ" የተሸሸገባት፣
ነፋሷ ግን ቄራ ቄራ የሚል ከተማ።
ሰናይት ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ቲም ሆርተንስ ጠበቀችኝ፤
የቀኝ እጇ ጣቶች አልታጠፍ ብለው
ኩባያዋን በሁለት መዳፏ አቅፋ።

ዝርዝሬን ዘረጋሁ። ከስሟ ጀመርኩ።
"እናቴ ፊደል አልቆጠረችም።
የጤና ጣቢያው ጸሐፊ እንዲህ ብሎ ጻፈኝ።
ሲጠሩኝ አቤት ያልኩት በዚያው ነው።"
አቀረቀርኩ። ግን አንዱን ጨብጬዋለሁ፣
እሱስ ክርክር የለበትም፤ ገጽ ስልሳ አንድ፦
"እዚህ ሜዳ ያመጣን ድህነት ነው።"
"ከላይ የጻፍሽው ስለ ጸሎት፣ ስለ መዳን፤
ስለዚህ ድኅነት፣ በብዙኃኑ ኀ።
በሀሌታው ሲሆን እኮ ማጣት ነው፣ ችጋር ነው!"
ሳቀች፣ ቡናዋ እስኪፈስ።
"እሱን አትንካው" አለች። "እሱን እንኳ ዐውቄ ነው።"

ከዚያ ራሷ ገጽ ዘጠናን ገለጠችልኝ።
"ይኸን ለምን አላሰመርክበትም?
ዴንግ ያልኩትን፤ ከቦር የመጣ ልጅ፣
አራት ዓመት አጠገቤ ቆሞ ቢላ የሳለ።
ጆሯችንን ደፍነን፣ ማሽኑ እየጮኸ ነው ስሙን የሰማሁት።
ዴንግ ይሁን፣ ደንግ ይሁን፣ ዴኝ፣
ሳልጠይቀው በየካቲት መንገዱ አንሸራተተው።
የሚያርመኝ አጥቼ አሳተምኩት።
ያንተ ሁለት መቶው ውስጥ የለም፣
የኔ ስሕተት ግን እሱ ነው።"

ማታ ግምገማውን ጻፍኩ።
ቢላዋ በአጥንቱ ጠርዝ እንዴት እንደሚሄድ
እንደሷ የነገረኝ የለም፣ አልኩ።
ገጽ ዐሥራ አራት ላይ "አጥንት" "አጥነት" ሆኗል፣
ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ አንድ መስመር ሁለቴ ታትሟል፤
እነዚህ ስህተት ናቸው፣ ሌላው የቤታችን ጠብ ነው፣ አልኩ።
ሞክሼዎቹን ከነጠባቸው ተውኳቸው።
ስለ ዴንግ ምን እንደምል አላወቅሁም፣ አላልኩም።
ንጉሡን ትቼ በእሳቱ ጻፍኳት፣
እንደተጠራችው እንዲሁ ጠራኋት።

ሰኞ ማለዳ ልሳነወርቅ ደወለ።
"አንድ ገጽ ላይ" አለ፣ ድምፁ የድል፣
"አንዴ ስሕተት፣ አንዴ ስህተት ብለሃል። የቱ ነው?"
ወረቀቴን አየሁ። እውነቱን ነው።
"እንዳለ ይታተም" አልኩት።