የመጠበቂያ ልክ

የመሐል ሜዳን ብርድ ጓንት መች ያግደዋል፣
ጣቴ ብሎን ይዞ መያዙን ይረሳል።
ምሰሶው መዝመሙን ልለካው ብነሣ
ያባቴ ቱንቢ የለም፤ ከወዴት ላንሣ?
በዓይኔ ገምቼ፣ ወገቤን ታስሬ፣
ሳሕኗን አዞርኳት
ወደ ራቤል ማዶ፣ ገደል አሻግሬ።

ሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ በአሞራ መንገድ።
የራጅ መሣሪያው እዚያ፣ አንባቢው ሐኪም እዚህ፤
መካከሉ ገደል፣ ገደሉ ውስጥ ጉም፤
ሥዕሉን ባንድ ሸክም የሚያሻግር የለም።

ስለዚህ ይቆረሳል።
አንዱ ቁራሽ፣ ቁጥሩን ይዞ፣ ይላካል።
ዝም።
«ደረሰኝ» ይላል ተቀባዩ።
ዝም።
ከዚያ ተከታዩ።

ያቺ «ዝም» አሥር ማይክሮ ሰከንድ ናት፣
ሌላ ወሬኛ ዘሎ እንዳይገባባት
ሆን ተብላ የጠበበች በር።
ቁራሹም በግንባሩ ጽፎ ነው የሚበር፦
«ገና ነኝ፤ ከኋላዬ ሌላ አለ፣
ለእሱም እስኪመለስለት አፍ ይዘጋ።»
በዙሪያው ያለ ሬዲዮ ሁሉ፣ የማያገባውም፣
ሰምቶ ይታገሣል።

አባቴ ይህን ያውቃል፣ ስሙን ሳይሰማ፤
ግንበኛ ነበረ።
ሞላሌ ላይ፣ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ሲወጣ በመሰላል፣
ከላይ «ያዝኩ!» ሳይባል
የታችኛው እጅ ጨርሶ አይለቅም።
ግድግዳ ባንዴ ማን ተሸክሞ ያውቃል?

ሦስት ቀን አልሠራም።
ሸዋቀና ከራቤል ደወለ፣ ድምፁ ተቆጥቶ፦
«አልደረሰም ይለኛል!»
«ደርሷል እንጂ» አልኩት፣ «አሥር ጊዜ መጥቶ!
ቁጥሩ ያው፣ ቁራሹ ያው፤ ዘጠኙን ጥያለሁ።»
የጓሳን ጉም ረገምኩ፣ ሽቦውን ፈትቼ
እንደገና አሰርኩ፣ እንደገና ወጣሁ።

ጉሙ ንጹሕ ነበር።
የላኪው የመጠበቂያ ልክ፣ ከፋብሪካው ሲወጣ፣
ላንድ ክፍል ነው የተሰፋ፣ ካንድ ጠረጴዛ እስከ አንድ ጠረጴዛ።
ብርሃንም እግር አለው፤
ገደሉን ተሻግሮ፣ መልስ ይዞ ለመምጣት
ሁለት መቶ ማይክሮ ሰከንድ ይሄድበታል።
ላኪው ያን አያውቅም። ቀድሞ ተስፋ ይቆርጣል፤
መልሱ መንገድ ላይ ሳለ
ያንኑ ቁራሽ እንደ አዲስ ይጮኻል፤
ጩኸቱና መልሱ አየር ላይ ተጋጭተው
ሁለቱም ይወድቃሉ።

«ሸዋቀና፣ ርቀቱን ንገረው።
ሠላሳ ብለህ ጻፍ።»
ጻፈ።
የአንድ ልጅ ቅልጥም፣ ከጉልበቱ ጀምሮ፣
ቁራሽ በቁራሽ ስክሪኑ ላይ ነጣ።
የመጨረሻው፣ ቁርጭምጭሚቱን ተሸክሞ፣
«ከኋላዬ የለም» ብሎ ገባ።
«ተሰንጥቋል እንጂ አልተሰበረም» አለች ሐኪሟ፤
ዓይኗን ከሥዕሉ ሳታነሣ።

ማታ ቤት ገባሁ።
አባቴ መደቡ ላይ፣ ባናውን ደርቦ፤
ግራ ፊቱ ዝም ካለ፣ ከኅዳር ወዲህ ነው።
ሳህኑን አቀረብኩ፦
«አባባ፣ ጨው በዛበት?»

እስከ ትናንት ድረስ
እጠይቃለሁ፣ ወዲያው ደግሜ እጠይቃለሁ፣
ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ደንቆሮ ይመስል፣
ከዚያም ራሴ እመልሳለሁ፦ «አልጣመውም መሰል።»
ልኬ የድሮው ነበር፤ ባንድ ክፍል ሳለን የተሰፋው።
አሁንም ባንድ ክፍል ነን፣
እሱ ግን ከገደሉ ማዶ።

አፌን ያዝኩ።
ሬዲዮው ዜናውን ጨርሶ ማስታወቂያ ጀመረ።
የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ ተወው።
ከንፈሩ በቀኝ በኩል ተነቃነቀ፦
«ትርንጎ።»
እህ።
«ቱንቢው…»
እህ።
«ካልጋው ሥር።»

ቱንቢውን የጠየቅሁት ማክሰኞ ነበር።
«ደረሰኝ» አልኩት።
ስለ ጨው ገና አልመለሰም፤
ሳህኑን ሳላነሣ፣ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።