ጥለት

አባቴ እድሪስ ሸማኔ ነው፣ ዛሬም ድሮም፤
ድር ሲዘረጋ ክር በክር አይቆጥርም።
ጣቱን ሰድዶ ያያል፣ ጨርቁን በመዳበስ፣
የቱ ጋ እንደ ሳተ፣ የቱ ጋ እንደሚመለስ።
"ጥለት" ይላል ሁሌ፣ "ጥለት ማለት ልጄ፣
ደጋግሞ ደጋግሞ ያለፈ ነው በእጄ።
አንዱ ክር ካፈነገጠ፣ ካልገባ በቦታው፣
ዓይኔ ሳያይ በፊት ጣቴ ነው የሚያገኘው።"

እኔ ልጁ ዘሃራ፣ ነጭ ጋውን የለበስኩ፣
ከአዲስ ዓለም ጓሮ ወጥቼ ላቦራቶሪ የደረስኩ፣
በጎንደር ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
ደም ሳይ እውላለሁ፣ በመስታወት ሲነበብ።
ጥቅምት ሲጋመስ፣ ሰሊጥ ሲታጨድ መተማ፣
ትኩሳት የበላው ወጣት ይጎርፋል ከተማ፤
ከአዘዞ መናኸሪያ፣ በባጃጅ፣ በቃሬዛ፣
አንዱን ወንድሙ አዝሎት፣ አንዷን እናቷ ይዛ።
እኔም እቆጥራለሁ፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ፤
ሌቱ ሲጋመስ ግን ዓይኔ ብዙ ነገር ረሳ።
ሐምራዊው ቀለም ሁሉ አንድ ይሆንብኛል፣
ጤነኛው ከታማሚው ይቀላቀልብኛል።

አምና አንድ ሳጥን መጣ፣ ካሜራ የተገጠመለት፤
እንደ ሙሽራ ከበብነው፣ ቦታ ለቀቅንለት።
"ማን አስተማረው?" ብል፣ ሐኪሙ ሳቀ፤
"ሺህ ስላይድ አይቶ፣ ሺህ ጊዜ ተሳስቶ ነው ያወቀ።"
እንግዲህ ሸማኔ ነው፣ አልኩ በሆዴ።

ኅዳር ዘጠኝ ሌሊት፣ ጄኔሬተር ሲያጓራ፣
ሰማንያ ሰባተኛውን ስላይድ አየሁት በተራ።
ተሻገር ይባላል፣ የደንቢያ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤
ኮሪደር ወለል ላይ ተኝቷል፣ ጃኬት ለብሶ እስከ አንገቱ።
"ንጹሕ ነው" ብዬ ጻፍኩ። እርሳሴን አስቀመጥኩ።
ሻይ ላመጣ ብዬ ወደ በሩ ተራመድኩ።

ሳጥኑ ግን አንዲት ነጥብ በብጫ ከበበ፤
ጥጉን፣ እኔ የዘለልኩትን፣ ዝም ብሎ አነበበ።
ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ቀለበት ናት፣
ባለ ፈርጥ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች፤
ልጁን ለሞት ያጨች።
እጄ ተንቀጠቀጠ። "ንጹሕ" ያልኩትን ሰረዝኩ።
ሲስተር አዛለችን ጠራሁ፣ በኮሪደሩ ሮጥኩ።

ተሻገር ተሻገረ። በሦስተኛው ቀን ሾርባ አማረው፣
በአራተኛው "ጫማዬስ?" ብሎ ዘበኛውን ጠየቀው።
ሳጥኑን አላመሰገነም፤ ስለ ሳጥኑም አልሰማም።
እኔም አልነገርኩት። ያን ሌሊት ግን አልረሳም።

አባቴ ዘንድሮ ዓይኑ ሞራ ለብሷል፤
ጣቱ ክሩን ያውቃል፣ ቀለሙ ግን ከድቶታል፤
ለቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ግንቦትን ይጠብቃል።
ስልኬን አስተካክዬ፣ "አባ፣ ይኸው" አልኩት፣
"በክሩ ላይ ያዘው፣ ይናገራል" ብዬ ሰጠሁት።
ስልኩም "ቀይ" አለ። እሱ ግን ተቆጣ፤
ክሩን አሸተተው፣ "ቀይ ደግሞ ከየት መጣ?
ይኼ የቀይ ሥር ውኃ ነው፣ በፀሐይ የደረቀ፤
ያንቺ ዕቃ ከሱቅ ክር ሌላ መቼ አወቀ?"

ማግስቱን ጠዋት ግን፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣
አገኘሁት ጉድጓዱ ውስጥ፣ ስልኬን ይዞ፣ በጥላ፣
ሰማያዊ ክርና አረንጓዴ ክር ደርድሮበት፤
ለካስ እነዚህ ሁለቱ ስድስት ወር ተማተውበት፣
ለማንም ሳይናገር፣ በእፍረት፣ በዝምታ፣
ደንበኛ ጥለቱን መልሶ ሲያስፈታ።
"አረንጓዴ" አለው ስልኩ። "እሺ" አለ፣ በለሆሳስ።
እግሩም መረገጫውን ያዘ፣ መወርወሪያው መመላለስ።

በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ፤ "ያ ሳጥንሽ፣ መቼም ይሳሳታል?"
"አዎ። ሳርመው ይታረማል፤ ሲደክመኝ ያርመኛል።"
"እንግዲያ ይሥራ" አለ፣ ክሩን በጥርሱ እየቆረጠ፤
ጣቱ ጥለቱን ተከትሎ ሄደ፣ ሄደ፣
አንድ ክር ጋ ሲደርስ ደነገጠ።

ፈታው። እንደገና ጀመረ።