በሞቴ የማይባል

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
በቆርቆሮ ጎጆ፣ በብሎኬት ጥበቃ፣
ሁለት ነን የምናድር፤
አንዱ እኔ ዘበኛው፣
ሌላው ቡናማ እባብ፣ ካርቶን ውስጥ የተኛው።

መሠረት ሲቆፈር ወጣ ከነአፈሩ፤
"ራሱን! ራሱን በለው!" እያሉ ሲዞሩ
አካፋ የያዙት፣
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መሐል ገባሁና
በሲሚንቶ ከረጢት ጠቅልዬ ወሰድኩት።
ስሙ ኋላ መጣ፤
ገላው ሲለሰልስ እንደ አዲስ ወለል
"ሊሾ" ብዬ ጠራሁት።

ፎርማኑ ጎበና ከሩቅ ቆሞ አየና፣
"ሌላው እባብ አይቶ በልጥ ይደነግጣል፤
አንተን እባቡ ራሱ ልጥ ይመስልሃል!"

በየሳምንቱ አንድ አይጥ ነበረ ቀለቡ።
የቀረችው ጅራት ቀስ ብላ ስትገባ
ደስ ይለኝ ነበረ፣ ልጁ እንደበላለት ሰው።

ሰኔ ሲያበቃ ግን ተወው።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሌት ተቀን ሲወቅጠው፣
አይጡን አሸተተ፤ ፊቱን አዞረበት።
አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ አምስት ሞላበት።

"ፍልሰታን ይዞ ነው!" አለች ጌጤነሽ፣
ሻይ የምትሸጥልን፣ ከሸራዋ ሥር፤
"ጾሙን አውቆ ጾመ፣ ካንተ ይሻላል!"
ሳቅን።
ሌሊት በባትሪ ሳየው ግን
አከርካሪው ወጥቶ
እንደ ገመድ ቋጠሮ በጣት ይቆጠራል።

እኔ የማውቀው ማባበል አንድ ነው፣
ቤታችን ያሳደገኝ፦
"በሞቴ!" "አፈር ስሆን!" "ይቺን ብቻ!"
አይጡን በፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ጫፍ ይዤ
አፍንጫው ሥር አስጠጋሁት።
ገፋሁት።
አፉን በስንጥር ልከፍት ሁሉ ቃጣኝ።
ተጠቀለለ፤ ራሱን በገዛ ገላው ሸሸገ።
እባብ ይሉኝታ የለው፤
የኔ ሞት ለሱ ምኑ ነው?

ይሄኔ ነው አባቴ የመጣብኝ።
የመጨረሻው ወር፣ ከራስጌው ተቀምጬ፣
አጥሚት በማንኪያ፦ "በሞቴ አባዬ፣ አንዲት ብቻ።"
ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ።
ማታ መለሰው።
ጠዋት ደግሞ "በሞቴ" አልኩት፤ ደግሞ ዋጠ።
ርቦት አልነበረም፤ እኔን ላለማሳፈር ነበር።

አቃቂ ወሰድኩት፣ በከረጢቱ ይዤ፣
ከላሞች ኋላ ተሰልፌ፣ በዝናብ በስብሼ።
ዶክተር ሂርጳ አልሳቁም።
ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣
"ዓይኑን አየኸው? ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል።
ቆዳ ሊቀይር ነው። ብርዱም ይዞታል።
ሙቀት ስጠው፣ ጨለማ ስጠው፣ ውሃ አኑርለት።"
"ከዚያስ?"
"ከዚያማ ተወው።"

መንገዱን ሙሉ ይቺ ቃል ከነከነችኝ።
በኛ ዘንድ የታመመን መተው ነውር ነው፤
ይከበባል፣ ይለመናል፣ ይጎረሳል፣
እንቢ ካለም ይለቀስበታል፣ ገና ሳይሞት።

ቢሆንም፣
ሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ የፈላ ውሃ ሞልቼ፣
በሹራቤ ጠቅልዬ ከካርቶኑ ጥግ አኖርኩ።
ክዳኑን ገጠምኩ።
ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣
ዝናቡን እያየሁ፣ የኮዬን መብራት በሩቁ።
ውሃው ሲበርድ እቀይራለሁ፤ ሳላየው እመለሳለሁ።
ዘጠኝ ሌሊት።
ከባድ ነው፣ ከማጉረስ ይከብዳል፣
እጅን ጭን ላይ አስቀምጦ ማደር።

በዐሥረኛው ጠዋት
የብሎኬት ስባሪው ላይ ቆዳው ተንጠልጥሏል፣
እንደ ወለቀ ካልሲ ተገልብጦ፣
የዓይኑ ሽፋን እንኳ ሳይቀር፣ ሁለት ጠብታ ብርሃን።
ሊሾ ከጎኑ፣ ገና እንደ ተለሰነ።
ቆዳውን አጥፌ
በአባቴ መነጽር ማኅደር ውስጥ አስገባሁት፤
ሌላ ባዶ ነገር አልነበረኝም።

በማግሥቱ አንድ አይጥ አኖርኩለት።
"ብላ" አላልኩትም።
ዘግቼ ወጣሁ፣ ጌጤነሽ ጋ ሻይ ጠጣሁ፣
ስኳሩን ሳማስል ቆየሁ፣ ቆየሁ።

ስመለስ አይጡ የለም፤
ከሆዱ መሐል አንዲት ጉብታ፣ ቀስ ብላ ትሄዳለች።

ፍልሰታ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር።
ለጌጤነሽ አልነገርኳትም።